ሞጣን ያሸነፍኩበት ገና

እኔ መሸነፍ አልወድም። የማወራው ስለ ጨዋታ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ቢቸና ስልክ ቤት ስልከኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ቁጥር መትቶ መደወል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሩቅ አገር መደወል የፈለገ ሰው እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔ እጀታውን አዙሬ የጎረቤቱን ከተማ ስልከኛ እጠራለሁ፤ ገመዱን ከቀዳዳው ሰክቼ «ይናገሩ» እላለሁ። መስመሩ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል እኔ ጋ ይደርሳል፤ ከእኔ ደግሞ ወደ ሞጣ ይሄዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምነጋገረው ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር፤ ከደጀኑ ስልከኛና ከሞጣዋ ጋር።

የሞጣዋ በዕድሜ ትበልጠናለች፤ እትዬ ነው የምንላት። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ነገር ማዋዛት ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። የደጀኑን ሰው ግን አይቼው አላውቅም። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ከኋላው ደግሞ የዓባይን በረሃ የወጡ የጭነት መኪኖች ሲያቃስቱ ይሰማል። እኔም በሐሳቤ ትልቅ ሪዝ ያለው ግዙፍ ሰው አድርጌ ሥዬው ነበር።

ባለቤቴ ሞጣ አስተማሪ ነው። ልጃችንም እዚያው ከአማቴ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ከጧት እስከ ማታ ስልክ ላይ እየዋልኩ ማን ይይዛታል? በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በአውቶቡስ፣ አቧራ ለብሼ እሄዳለሁ፤ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ አንድ ነገር አመጣች። አማቴ ዘወትር «ቢቸና ሄደች፣ ከቢቸና ትመጣለች» እያለች ስለምታወራላት ስሜ ቢቸና መሰላት። በበሩ ብቅ ስል «ቢቸና መጣች!» ብላ ትጮሃለች። አማቴን ግን እማ ነው የምትላት። ቤተሰቡ በሙሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አለቅሳለሁ።

ወደ ሞጣ እንዲያዛውሩኝ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ሞጣ አንድ ክፍት ቦታ ነበረ። አለቃችን የሚቀመጡት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሰላምታን እንኳ መዝነው የሚሰጡ ሰው ናቸው። ሦስቱንም ጊዜ የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «በምትክዎ የሚሠራ ሰው ስላልተገኘ።»

ስልክ ቤት በበዓል አይዘጋም። ገና ሲመጣ አገሩ ሌሊቱን አስቀድሶ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ ጠግቦ ሲተኛ እኛ ሦስታችን ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን እንቀመጣለን። ጧት ደዋይ የለም። እናም እትዬ አንድ ገና ላይ «ምነው እንደ ባሕታዊ ዘግተን እንውላለን? ሦስታችንንም አገናኚንና እንጫወት» አለችኝ። አንዱን ገመድ በደጀን፣ አንዱን በሞጣ ሰክቼ አያያዝኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ገና ጧት ጉባኤያችን በመስመር ላይ ሆነ።

መጀመሪያ «ምን እየበላሁ ነው» የሚል ጨዋታ ነበረን። አንዱ ያላምጣል፤ ሌሎቹ በድምፁ ያውቃሉ። የደጀኑ ሰው አጥንት ሲግጥ ግን ጆሮ ስለሚያደነቁር ጨዋታው ቀረና እንቆቅልሽ ተተካ። ደንቡ የልጅነታችን ነው፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፤ ያሸነፈም በተሰጠው አገር ይፎክራል። እትዬ «ቢያበሏት ትኖራለች፣ ቢያጠጧት ትሞታለች» ትላለች፤ እሳት መሆኗን እስክናስብ ድረስ ደጀንንም ቢቸናንም ትወስዳለች። የደጀኑ ሰው «ሁልጊዜ በረሃ ይወርዳል፣ ውሃ ግን ጠጥቶ አያውቅም» ይላል፤ እኔ ግመል ስል፣ እትዬ ፀሐይ ስትል፣ ለካስ መንገዱን ነው። በሁለት ገና ውስጥ እትዬ ጎጃምን ጠቅልላ ወሰደችው። ደጀንም ተሰጥቷታል፤ የዓባይን ድልድይ ብቻ ሰውዬው ሙጭጭ ብሎ ያዘባት። «እሱንም ሰጥቼሽ አዲስ አበባ በምን ልሻገር?» ይላል። እኔ ስሸነፍ እጮሃለሁ፣ እከራከራለሁ፣ አንዳንዴም «መስመሩ ተበላሸ» ብዬ ገመዱን እነቅላለሁ።

በአራተኛው ገና ጧት፣ ሦስታችንን አያይዤ ጨዋታውን ሳንጀምር፣ ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ሞጣ ስልክ ቤት መጣ። እንኳን አደረሰሽ እንድትለኝ ነው። እትዬ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። «የኔ እናት፣ እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። «ቢቸና ናት» አለች። ከዚያ «እማ ጋ ልሂድ» ብላ መነጋገሪያውን ጥላ ሮጠች፤ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ቋ ሲል ሰማሁት።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ። በመካከል ከደጀን በኩል አዲስ ድምፅ ገባ፤ «ሁሉም በየሥራው ላይ ነው?» አለቃችን ናቸው፤ ተራችንን ጥለን እንደሆን ሊያጣሩ የደወሉ። የደጀኑ ሰው ደንግጦ «አለን ጌታዬ» አለ። እትዬ ግን ምን ተዳዋ፤ «አለን። እንቆቅልሽ እየተጫወትን ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። እርስዎም አንድ ይሞክሩ» አለቻቸው። ሳል አሉና «እስቲ» አሉ። ጠግበው ነው መሰለኝ።

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ከአፌ አፈተለከ፦

«እንቆቅልዎ!»

እንዲህ ተብሎ አንቱታ ሲባል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም «ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ሺህ እናት ከሺህ ልጅ ታገናኛለች፤ የራሷን ልጅ አታገኝም።»

«ድልድይ» አሉ ወዲያው።

«ድልድይ ልጅ አለው እንዴ ጌታዬ?» አለ የደጀኑ ሰው።

«መንገድ።» አይደለም። «ገበያ።» እሱም አይደለም። ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ አላወቅሁም» አሉ።

«አገር ይስጡኛ!»

«አዲስ አበባን ሰጠሁሽ።»

«አልፈልግም።»

«ደብረ ማርቆስን ከነወንበሬ።»

«ወንበርዎን ይባርክልዎ። ሞጣን ይስጡኝ።»

  በመስኮቴ በኩል ወንዶቹ የገና ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ሲሄዱ ይጨፍራሉ። ሥራዬን በገዛ አፌ የጨረስኩት መሰለኝ።

«ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ማመልከቻ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨዋታ ነው ጌታዬ። ማመልከቻውንማ ሦስቴ ጽፌያለሁ።»

«አንች ሞጣ ስትገቢ ቢቸናን ማን ይይዘዋል? ከአስፋልት ወርዶ ያን አቧራ የሚለብስ ሰው ከየት ላምጣ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። 

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ የደጀኑ ሰው።

«ማን?»

«እኔ። ቢቸና እገባለሁ። ለደጀን እንደሆነ ሰው ይሰለፍልዎታል፤ አስፋልት ነው። እኔ ደግሞ ደጀንን ለእትዬ ከሰጠሁ ሁለት ዓመቴ፤ በሰው አገር ነው የተቀመጥኩት።»

«ጠጥታችኋል?»

«ጠላ ነው ጌታዬ፣ እሱም ቅራሪ» አለች እትዬ።

እሳቸውም «መልሱን ንገሪኝ እንጂ፤ አገር ጠይቆ መልስ አለመስጠት ምን ይባላል?» አሉኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም። ሰው ሁሉ ምላሳም የሚለኝ እኔ!

«መልሱ እሷው ናት ጌታዬ» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ልጇ እዚህ ነው ያለችው፤ ሞጣ።»

«እንዲያ ነው?» አሉ። ከዚያ «ሞጣን ሰጥቻለሁ» አሉና ዘጉ።

እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው። የደጀኑ ሰው «በይ ፎክሪ እንጂ!» ይለኛል። አሸንፌ ያልፎከርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በነጠላዬ አፌን ይዤ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቅ ነበር። አንድ ገበሬ ባለ ጉዳይ ገብቶ አየኝና መርዶ መጥቶብኝ መሰለው። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» ብሎኝ ተመልሶ ወጣ።

ደብዳቤው ከፋሲካ በፊት ደረሰ። የደጀኑ ሰው ቦታዬን ሊረከብ የመጣ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ ያን ባለ ሪዝ ግዙፍ ሰው ስፈልግ፣ አንድ ቀጭን፣ አጭር፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው አጠገቤ ቆሞ «ማንን ነው የምትፈልጊ?» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የልብስ ሳጥኑን ወደ ስልክ ቤት ስናደርስ «አስፋልቱን ጥለህ ለምን መጣህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ያን ዕለት ልጅቱ ስትናገር መስመሩ ላይ ነበርኩ» አለኝ። «መነጋገሪያው ሲወድቅም ሰምቻለሁ። አንች በሦስት ገና እየጮህሽ ጆሮዬን ስትበጥሽው ኖርሽ፤ ዝም ስትይ አላስቻለኝም።» ይህን ብሎ የመሰኪያዎቹን አቧራ በእጁ ጠረገና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሞከረው። ለእኔ ራስ የተስተካከለ ነበር፤ ለእሱም ልክ ሆነ።

በተከታዩ ገና ሞጣ ነበርኩ። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች፤ እትዬ አጠገቤ ወንበሯን ስባለች። ደወሉ ጮኸ። «ቢቸና ነኝ! እንኳን አደረሳችሁ!» አለ ያ ጎርናና ድምፅ። ማዳመጫውን አውልቄ ልጄ ጆሮ ላይ አደረግሁላት። «ቢቸና ነኝ» ብሎ ደገመላት። ማኘኳን ትታ ማዳመጫውን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች።

«እማ» አለችኝ፤ «ቢቸና ወንድ ነው እንዴ?»

በወዲያኛው ጫፍ ሰውዬው በሳቅ ሲፈነዳ እትዬ እንቆቅልሿን ጀመረች። ጥያቄውን እንኳ አልሰማሁትም። ተሸነፍሽ፣ አገር ስጭ አሉኝ። ከሞጣ በቀር የፈለጋችሁትን ውሰዱ አልኳቸው።