ባሕር የተባለው የቅቤ ባልዲ

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ከበርበሬ ተራ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት የእኔ ናት። እቴነሽ እባላለሁ። ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የከድጄን ፊት ነው። እሷ በርበሬ ስትሰፍር እኔ ቀሚስ ስሰፋ፣ እሷ ስታስነጥስ እኔ "ይማርሽ" ስላት ብዙ ዓመት ኖረናል። ዘንድሮ በከተማው ስለ ከድጄ ያልተወራ ነገር የለም፤ ግማሹ ቅጥፈት ነው። እኔ ግን አብሬያት ስለነበርኩ ከእኔ ስሙ።

ከድጄ ከባሏ ከሰማን ጋር የበርበሬ ሱቅ አላት። ልጆቿን ያስተማረችውም የዳረችውም በዚያች ሱቅ ነው። አገር አላየችም ማለት አይደለም። ወልቂጤ፣ ሆሳዕና፣ ሻሸመኔ፣ አዲስ አበባ ተመላልሳለች። ግን የሄደችው ሁሉ ገበያ ነው። ሻሸመኔ እንዴት ያለች ከተማ ናት ብትሏት የበርበሬውን ዋጋ ትነግራችኋለች፤ ሌላ ያየችው ነገር የለም።

አምና አረፋን ሊያከብሩ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆቿ ተመልሰው ቤቱ ጭር ባለበት ሰሞን፣ ሱቋን ለሰማን ትታ መጥታ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመች።

"እቴ፣ ባሕር ማየት አምሮኛል" አለችኝ።

"ዝዋይ እዚህ አፍንጫችን ሥር አለ አይደል እንዴ?"

"ሐይቅ አላልኩሽም። ማዶው የማይታየውን ነው። ጅቡቲ ያለውን።"

"ምን ልትነግጂ?"

እሳት ሆነች። "አየሽ! አንቺም እንደነሱ! ምንም አልነግድም። ቁጭ ብዬ ላየው ነው። ዕድሜ ልኬን ወይ ልገዛ ወይ ልሸጥ ነው መንገድ የወጣሁት። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ባዶ እጄን ሄጄ ባዶ እጄን ልመለስ። ወላሂ ይሄ ሳይሆንልኝ ብሞት ይቆጨኛል።" እንባዋ ዱብ አለ። ከድጄ ስታለቅስ ያየኋት በበርበሬ ብቻ ስለነበር ደንግጬ ጎትቼ አስገባኋት።

መቼም እኛ ዘንድ መንገድ ማለት ንግድ ነው። ለንግድ ትሄዳለህ፣ ለለቅሶ ትሄዳለህ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገርህ ትገባለህ። ዝም ብሎ ለማየት የሚዞር ፈረንጅ ነው፤ እሱም ቢሆን ካሜራውን ተሸክሞ ሥራ ያለው ይመስላል።

ሰማን ወሬውን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያላተረፈበት መንገድ መንገድ አይመስለውም። "ላም አለኝ በሰማይ!" አለና ሳቁን ሲጨርስ ፊቱን ኮስተር አደረገ። "ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ። ከሱቁ ገንዘብ ግን አንዲት ሳንቲም አትነኪም።"

ነገሩን የዘጋው መስሎት ነበር። ከድጄ ግን የራሷ የሆነ፣ እሱ የማያዝበት አንድ ነገር ነበራት። የቅቤ እቁብ። የሰፈሩ ሴቶች በየቅዳሜው አንዳንድ ጣሳ ቅቤ ያዋጣሉ፣ የተሰበሰበውን ተረኛዋ ትወስዳለች። ይሄ ከእናቶቻችን የወረስነው የሴት እቁብ ነው፤ ወንድ አጠገቡ ድርሽ አይልም። ከድጄ እስከዛሬ እቁቧ በወጣ ቁጥር ቅቤውን እዚያው ሸጣ በርበሬ ትገዛበት ነበር። እኔን ያማከረችኝ በዚህ ጉዳይ ነው።

"መስቀልን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለችኝ። "ቅቤ እናንተ አገር መቼ ነው እንደ ወርቅ የሚፈለገው?"

እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ፣ እምድብር ነው ያደግሁት። ጌታን ስቀበል ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ የመስቀልን ክትፎ ግን ተዪ ያለኝ ሰው የለም። "ለመስቀል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው እምድብር ገበያ ብቅ በይ" አልኳት። "ያኔ ቅቤ የያዘች ሴት ንግሥት ናት።"

ከድጄ ተራዋን ከሌላ ሴት ጋር ተለዋውጣ ነሐሴ ላይ አደረገችው። ክርስቲያኑ ፍልሰታን ስለሚጾም ያኔ ቅቤ ይረክሳል። የእቁቡን ቅቤ ወሰደች፣ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣም ጨመረችበት፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ ባለ ክዳን ባልዲዎች ውስጥ ሞላችው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ባልዲ ስም አወጣችለት። ፊደል ስላልቆጠረች በጀቷን የያዘችው እንዲህ ነው። ይሄ ፓስፖርት ነው፣ ያ ቪዛ ነው፣ ትልቁ ባቡር ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሹ ባልዲ ባሕር ተባለ። ባሕር ማለት ጀልባ ተከራይታ ውኃው ላይ የምትወጣበት ነው። ማደሪያ ባልዲ አላስፈለገውም፤ የአክስቷ ልጅ ሀጀራ ጅቡቲ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ለምግብም ባልዲ አልመደበችም። "ቆጮ ምን ሊሆን ነው?" አለች። "ሳምንት ሙሉ የማይበላሽ እንጀራ አላህ የሰጠን እኛን አይደል?"

የባልዲዎቹ ነገር ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። ሰማን በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር "ኧረ ባቡሩ እንዳይቀልጥ ከፀሐይ አንሱት!" ይላል። አንድ ቀን በርበሬ ተራው ሞልቶ ሳለ ጭራሽ ቆሞ ተወራረደ። "ስሙኝ! ይቺ ሴት ጅቡቲ ድረስ ሄዳ ሸቀጥ ሳትይዝ ከመጣች፣ እኔ ሰማን ቅቤ ተሸክሜ የሴቶቹ እቁብ ውስጥ እገባለሁ!" ገበያተኛው አጨበጨበ። ከድጄ ፈገግ ብላ በርበሬዋን መስፈሯን ቀጠለች። እኔ ግን ጥርሴን ነከስኩ።

መስቀል ሲደርስ ባልዲዎቹን ጭነን በወልቂጤ በኩል እምድብር ገባን። የወንድሜ ሚስት ሩት ገበያው መሀል ቦታ ይዛልን ነበር። ከድጄ ክዳኑን ከፈት ስታደርገው የኮሰረቱ ሽታ አላፊ አግዳሚውን ጎትቶ አመጣው። አንድ ጎልማሳ ትልቁን ባልዲ በርካሽ ሊወስድ ቢከራከራት፣ ከድጄ ቆጣ ብላ "ወንድሜ፣ ባቡሩን በዚህ ዋጋ አልሸጥም!" አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ወደኔ ዞረ። "ባቡር ነው" አልኩት፤ ምን ልበለው። ሌላ ሰው ሳይቀድመው ብሎ ነው መሰል የጠየቀችውን ከፈለና ባቡሩን ታቅፎ ሄደ።

ከቀትር በፊት ቅቤው ሁሉ አለቀ፤ ሰማያዊ ክዳን ያለውን ባልዲ ግን ከድጄ ቅቤውን ገዢዋ ዕቃ ላይ ገልብጣ ለራሷ አስቀረችው። ከድጄ የእያንዳንዱን ባልዲ ገንዘብ ለየብቻው በጨርቅ ቋጠረችው፤ ቋጠሮዎቹም የባልዲዎቹን ስም ወረሱ። "አልሐምዱሊላህ" ብላ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ቅቤ ቅቤ እንሸት ነበር። እኔም ከስፌቴ የቆጠብኳትን ይዤ ልከተላት የወሰንኩት ያኔ ነው።

ጥር ላይ፣ የጅቡቲ ሙቀት በሚበርድበት ወቅት፣ ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፈርን። ሰዉ ለአንድ ጠርሙስ ውኃ ከሻጩ ጋር ሲጣላ እኛ ጄሪካናችንን ከፍተን እንጠጣለን። ቆጮአችንን በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ስንበላ ከፊታችን የተቀመጠው ቤተሰብ ዓይኑን ከእጃችን ላይ መንቀል ስላቃተው ለእነሱም ቆረስንላቸው። ከድጄ አዋሽን፣ በረሃውን፣ ግመሉን በመስኮት እያየች "ይሄ ሁሉ በነፃ ነው?" ትለኝ ነበር።

ጅቡቲ ማታ ገባን። ሀጀራ እልል ብላ ተቀበለችን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ጥፋቱ የመጣው በማግስቱ፣ ሀጀራ "እስቲ ገበያውን ላሳያችሁ" ያለች ጊዜ ነው።

ሰካራም ላለመጠጣት ቃል ቢገባ ጠጅ ቤት ይወስዱታል? ከድጄን ገበያ ወሰዷት! ድሪያ የሚባለው ስስ ቀሚስ፣ ሽቶው፣ ሽርጡ ተዘርግቷል። ዋጋ ጠየቀች፤ ለመጠየቅ ብቻ ነው አለች። ከዚያ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ከዚያ ቡታጅራ ስንት እንደሚያወጣ ለሀጀራ ነገረቻት። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ በረደ። በማግስቱ ጠዋት የመመለሻ ባቡራችን ነው። ባሕሩ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ነፋሱ የጨው ሽታ ያመጣል፤ እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተነው ስለ ድሪያ እንከራከራለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

"እቴ፣ እጥፍ ያስገኛል" አለችኝ ዓይኗ እየበራ። "ወላሂ እጥፍ! አንድ እስር ብቻ ልግዛ።" እጇን ወደ ብብቷ ሰደደችና አንድ ቋጠሮ አወጣች። የቀረው ቋጠሮ እሱ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ሰው ፊት ነው፣ ባዕድ አገር ነው አልልም። "ከድጄ!" ብዬ ጮህኩ፤ ነጋዴዎቹ ሁሉ ዞሩ። "በእጅሽ የያዝሽው ቋጠሮ ስሙ ማነው?"

ቋጠሮውን ጨበጥ አደረገችው።

"ስሙን ንገሪኝ!"

ቋጠሮውን አየችው። ድሪያውን አየችው። "ባሕር" አለች።

"እንግዲያው ለባሕር ክፈይው!"

ነጋዴው ዋጋ እየቀነሰ ከኋላችን ሲጣራ፣ ከድጄ ድሪያውን ጥላ የእኔን እጅ ይዛ ሮጠች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ጎዳና ላይ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል አላለችም። ሀጀራ "ኧረ ቆዩኝ!" እያለች ተከተለችን። አንድ ግንብ ዞረን ወጣን፤ እዚያ ነበር።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ማዶ የለውም። ከድጄ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከተተች፣ በመዳፏ ጨልፋ ቀመሰች፣ ተፋችው፣ መልሳ ቀመሰች። "እቴ! ይሄ ሁሉ ጨው! ማን ጨመረው?" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ባለ ጀልባው አማርኛ ይችል ነበር። እጃችንን አይቶ "ጭነት የላችሁም?" አለን።

"የለም!" አለች ከድጄ፤ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለወደቡ ሁሉ። "አልገዛሁም! አልሸጥኩም! ዛሬ ሥራ ፈት ነኝ!" እኛ አገር ሥራ ፈት ስድብ ነው። እሷ ግን እንደ ማዕረግ ነው ያወጀችው። ጀልባው ላይ ተቀምጣ፣ ሻርፗ በነፋስ እየተውለበለበ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ውኃውን ስታይ ቆየች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። ልጆቿን ስትድርም እንደዚያ አልነበረችም።

ቡታጅራ መናኸሪያ ስንወርድ ሰማን የበርበሬ ተራውን ሰው ግማሽ አስከትሎ ቆሟል። ከጎኑ የጭነት ባጃጅ አለ፤ ለሸቀጣችን ተከራይቶ ነው የመጣው! "አሰላሙ ዐለይኩም፣ ነጋዴዋ!" አለ እየሳቀ። "ዕቃው የታለ?"

ከድጄ ሰላምታውን መለሰችና ቦርሳዋን ሰጠችው። በረበረው። የተረፈ የቆጮ ፍርፋሪ፣ ልብስና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየ። ወርዶ የእኔን ቦርሳ ፈለገ፤ እኔም እጁን መታሁት። ሰዉ እየገባው ሲመጣ ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ።

"ይሄስ ምንድን ነው?" አለ ጠርሙሱን አንስቶ።

"ባሕር ነው፤ ቅመሰው" አለችው።

በሰው ሁሉ ፊት ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ሳለ፣ ዋጠው። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይ ቆየ። "እውነት ማዶ የለውም?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የለውም" አለችው። ባጃጁ ተከፍሎበታልና ባዶውን አይመለስ ብላ ከድጄ የጭነቱ ቦታ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ እኔንም ጎትታ አወጣችኝ፤ ሁለት ሴቶች እንደ ሁለት ጆንያ በርበሬ ተቀምጠን ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጠን ገባን። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የእቁቡ ሴቶች ከድጄ ቤት ተሰብስበን ሳለን ሰማን አንድ ጣሳ ቅቤ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መግቢያ እስኪያጣ ሳቅንበት። ከድጄ ግን አልሳቀችም። ከጓዳ ሰማያዊ ክዳን ያለውን ባዶ ባልዲ አመጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

"ስም አውጣለት" አለችው።

አንገቱን ደፍቶ ቅቤውን ገለበጠና ክዳኑን ገጠመው። "ስሙን መቀየር ምን ያደርጋል" አለ። "ባሕር ይባል። አሁን ግን ለሁለት ሰው ነው።"