ፈረስ ያለው ትምህርት ቤት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄን ለመግቢያ ፈተና ወሰድኳት። ክረምት ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ናይሮቢ ነሐሴ ላይ ብርዱ ብቻ ነው ያለው።

ትምህርት ቤቱን ያገኘሁት በጸሎት አይደለም። በጽዋ ማኅበራችን ነው። ጠበል ጸዲቅ ከተቀመሰ በኋላ ከጻድቃን ቀጥሎ ስሙ በክብር የሚነሳው ያ ትምህርት ቤት ነበር። አንዲት የማኅበር እህቴ ሁለት ልጆቿን እዚያ ታስተምራለች። ልጆቿ በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ስልካቸውን ያያሉ። ይህን አይቼ ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«አንቺ እኮ ልጅሽን ከቤትሽ ጀርባ ልትከቻት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ያ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው? እኔ ልብስ ማስጫ ነበር የመሰለኝ!»

ፓርክላንድስ ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ጀርባ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ግቢው ከመጥበቡ የተነሳ ልጆቹ የሚሮጡት በተራ ነው። በወጥ ቤቴ መስኮት የማባዣ ሰንጠረዥ ሲወርዱ ይሰማኛል። ሽንኩርት እየከተፍኩ የረሳሁትን የሰባትን ብዜት መልሼ ያጠናሁት ከእነሱ ነው። ግን ፈረስ የላቸውም።

ያኛው ፈረስ አለው። ለጉብኝት የሄድን ዕለት መጀመሪያ ያሳዩን ፈረሱን ነው፤ ቀጥሎ መዋኛውን። ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው።

«መማሪያ ክፍሉስ?» አለ።

መዝጋቢዋ ፈገግ አለች። «እኛ የምናስተምረው ሙሉውን ልጅ ነው።»

ግማሹን የሚያስተምሩት የት እንዳሉ አልጠየቅናትም። ባለቤቴ በማግስቱ ለደንበኛው ሁሉ ስለ ፈረሱ ሲያወራ ዋለ። እኔ ደግሞ ልጄ ገና ሳትፈተን ኮቱን ገዛሁላት፤ ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበት። እምነት ያልታየውን ማመን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ችግሩ ጾሙ ነበር። ፍልሰታን ልጆችም ይጾሙታል፤ እየቆረቡ ነው የሚሰነብቱት። በዚያ ዓመት «እኔም እጾማለሁ» ያለችው ራሷ ልጄ ናት። ፈተናው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትቀምስ ልትፈተን ነው። ለማኅበር እህቴ ደወልኩላት።

«ወይኔ ጉዴ! እንዳታነሺው!» አለችኝ። «ስለ ቁርስ ይጠይቃሉ። እንቁላል በላሁ ትበል። እንቁላል ደስ ይላቸዋል።»

መኪና ውስጥ ለልጄ ነገርኳት። «ቁርስ ምን በላሽ ካሉሽ እንቁላል በይ፣ እሺ እናቴ?»

«ግን አልበላሁም እኮ።»

«በይ ብዬሻለሁ።»

ማተቧን ኮቱ ውስጥ ሸጎጥ አደረግሁላት። እጄ ምን እየሠራ እንደሆነ ያኔ አላስተዋልኩም።

ፈታኟ ደግ ፊት ያላት ሴትዮ ነበረች። እኔን ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ። ልጄ አነበበች፣ ደመረች፣ ቀነሰች፤ ቤት ሳዪ ስትባል የእኛን ፎቅ ከነኋላው ልብስ ማስጫ ሣለች። ሴትዮዋ እየወደደቻት መጣች። በመጨረሻ ብስኩትና አንድ ብርጭቆ ወተት አቀረበችላት።

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አለች ልጄ፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ።

«እሺ። ለቁርስ ምን በላሽ?»

ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «እናቴ እንቁላል በይ ብላኛለች» አለች። «ግን ምንም አልበላሁም። ልቆርብ ነው።»

ለዚያ እንግሊዝኛ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመዋዕለ ሕፃናት ከፍያለሁ። አንድም ቃል አልባከነም።

ሴትዮዋ ብዙ ጻፈች። ጾም እንደሆነ፣ ልጅቷ ራሷ ፈልጋ እንደሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠግባ እንደምትበላ አስረዳኋት። «ባህላችሁ እንዴት ያምራል» አለችና መጻፏን ቀጠለች። አልፈርድባትም፤ የራበው ልጅ ፊቴ ቢቀመጥ እኔም እጽፍ ነበር። ስትጨርስ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ልጄን ተቀብለዋታል። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ማዕድ የቀረበውን ሁሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር፣ እንደምትበላ መፈረም አለብኝ። በተጨማሪም የወላጅነት ሥልጠና ስድስት ጊዜ እገኛለሁ። መልሱን እስከ ነገ ይፈልጉታል።

ልጄ ፈተናውን አልፋለች። የወደቅሁት እኔ ነኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ቲቸሯ ተቆጣችሽ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ስለዋሸሽ?»

«አይ። ስላልበላሽ።»

ዌስትላንድስ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆምን። አንድ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሙዚቃውን ለቆ አጠገባችን ቆሟል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እማረር ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል «ዛሬ አብረሽኝ ትቆርቢያለሽ አይደል?» አለች።

አብረን ልንቆርብ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ተነጋግረን ነበር። አብረን አልቆረብንም። ልጆቹ ነጠላቸውን ለብሰው ሲሰለፉ እሷም ተሰለፈች፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ የእንቁላሉን ነገር ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። የምሰግደውን ቁጥር ነግረውኝ ሲያበቁ «ልጅቱን ግን ያሳደግሻት አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

አመሻሹ ላይ የማኅበር እህቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«እና ፈርሚያ! እኔስ ፈርሜ አይደል?»

«ልጆችሽ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ይበላሉ ማለት ነው?»

«ኧረ ተይኝ! ፊርማ እኮ ነው። እግዜር ፎርም አያነብም።»

ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ደብዳቤውን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ፈረሱስ?» አለ።

«ፈረሱ ረቡዕና ዓርብ ሣር ነው የሚበላው» አልኩት። «ከእነሱ መሃል የሚጾመው እሱ ብቻ ነው።»

ሳቀ። ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ። ይህን ባል የሰጠኝ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ለደንበኞቹ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ግን የራሱ ጣጣ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰገድኩ። ከዚያ ዓርማውን ከኮቱ ላይ በምላጭ ፈታሁት። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ቀረ፤ ቢሆንም ይሞቃል። አለበስኳትና ፎቁን ዞረን ወደ ጀርባ ሄድን።

ዳይሬክተሯ ሸምገል ያሉ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ስለተዘጋ ብቻቸውን ወንበር ይቆጥሩ ነበር። ሳይጠይቁኝ «ልጄ ዛሬ ቁርስ አልበላችም፤ ጾም ላይ ናት» አልኳቸው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ» አሉ። «በኋላ ትበላለቻ?»

«ትበላለች። ትምህርት ሲከፈትስ? ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት አትበላም። ለምሳ ምንድን ነው የምታቀርቡት?»

«ጊዜሪ ነው። በቆሎና ባቄላ ተቀቅሎ።»

«ረቡዕ?»

«ረቡዕ ጊዜሪ።»

«ዓርብስ?»

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማማ፣ ሥጋ መግዛት አንችልም» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ ጊዜሪ ነው።»

ተመስገን አልኩ በልቤ። ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ትምህርት ቤት ከወጥ ቤቴ መስኮት ሥር ኖሮ፣ እኔ ፈረስ ለማየት ከተማውን አቋርጬ እሄዳለሁ። እስክሪብቶ ከእሳቸው ተውሼ መመዝገቢያው ላይ ፈረምኩ።