በየዓርቡ ያስቀመጥኩት ፊት

ኮምፒዩተር የገዛሁት የእህቴን ፊት ለማየት ነው። ለሌላ ነገር አልፈልገውም ነበር። እሷ ጎንደር ቀርታ የመግቢያ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ እኔ ሐይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ዳገቱ ላይ ተቀምጬ እሷን እጠብቃለሁ። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቢሮዎቹ ግን እህቴ መሆኗን እያጣራን ነው ይሉኛል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያጣራሉ። አንድ ቀን መጥተው ስትቆጣኝ ቢሰሙ ኖሮ ማጣራት ባላስፈለጋቸው።

ዓርብ ከፋብሪካ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ሰንበት ሳይገባ እሷ እዚያ ኢንተርኔት ቤት ካሜራው ፊት ትቀመጣለች፣ እኔ እዚህ። ምስሉ ይቆራረጣል። አፏ ቀድሞ ይንቀሳቀስና ድምጿ ኋላ ይደርሳል።

«ከሳህ» ትለኛለች።

«ካሜራው ነው፣ እትዬ።»

«ካሜራው እኔን ለምን አላከሳኝም ታዲያ? ያቺ ሚስትህ አታበላህም?»

ሚስቴ ከኩሽና ሆና «እሰማዎታለሁ እኮ!» ትላለች።

«እንድትሰሚ ነው!»

ሲያበቃ መስኮቱ ይዘጋና ፊቷ ይጠፋል። በስልክ ድምፅ ሲቋረጥ ለምጄዋለሁ። ፊት ሲቋረጥ ግን አልለመድኩም። ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። ያኔ ወታደር ነበረች፤ ዓርብ ዓርብ ትልቁን ቦርሳዋን ተሸክማ ትመጣለች።

«ሬጋ፣ ቆይ አባ፣ ቀላል ነው» አለችና ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ የሚያነሳ ቁልፍ አሳየችኝ። ተጫንኩት። ምንም አልሆነም። «አሁን ሥዕል መሣያው ውስጥ ትለጥፈዋለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ታስቀምጠዋለህ። ቤሰደር? እሺ?»

«ቤሰደር።»

እኔ ፊደል የለየሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዕብራይስጡን፣ ከዚያ አማርኛውን። ስለዚህ ስም ስጠው ስባል ደስ አለኝ፤ የምችለው ነገር ተገኘ። በዕብራይስጥ «እህቴ» ብዬ ጻፍኩ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላስቸገርኩም። ዓርብ ሲመጣ ፊቷ እስኪጠራ ጠብቄ ቁልፏን እጫናለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ «እህቴ» ብዬ አስቀምጣለሁ።

ከሁለተኛው ዓርብ ጀምሮ ማሽኑ ጥያቄ ያመጣ ጀመር። ረጅም ጥያቄ ነው፤ አንብቤ ሳልጨርስ ሰንበት ይገባል። ከሥሩ «ኬን» እና «ሎ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አዎና አይደለም። ኬን አልኩት። ከአውሮፕላን ስንወርድ ጀምሮ የለመድነው ይህንን ነው። ጠረጴዛ ያለው ሰው ሲጠይቅህ ኬን ትላለህ። ሎ ያለ ወረፋው ጭራ ላይ ይመለሳል። ስማችንን ሲቀይሩት ኬን ብለናል፤ ልጆቻችንን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲወስዷቸው ኬን ብለናል። ለኮምፒዩተር ሎ ልል ነው?

ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ስር ቆሜ በፊቷ ጎተራ የምሞላ ይመስለኝ ነበር። የመጣች ቀን አንድ በአንድ አሳያታለሁ፣ አየኸኝ አርጅቼ ስትል እስቃለሁ፣ እያልኩ።

አልመጣችም። ፈቃዱ ሳይደርስ ሞተች። ሽማግሌዎች በጠዋት መጥተው አረዱኝ።

ለመታሰቢያዋ ቀን ፎቶዋን በትልቁ አሳትመን ግድግዳው ላይ መስቀል ነበረብን። ቢሮው ፋይሏ ውስጥ አንድ ጉርድ ፎቶ አለ። እሷን ያልሰጡኝን ሰዎች ፎቶዋን ስጡኝ ብዬ አልለምንም። «ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሞልቷል» አልኳት ልጄን። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

«ፈልግ» የሚለውን ከፈተች። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተሩ ሲፈልግ ጥግ ላይ ጅራቱን የሚቆላ ቢጫ ውሻ ይመጣ ነበር። ውሻው አሸተተ፣ አሸተተና አንድ አመጣ።

«ሌሎቹስ?»

«አንድ ነው ያለው፣ አባ።»

«እንደገና ላኪው።»

ላከችው። ያንኑ አመጣ።

«ምን ብለህ ነው የሰየምካቸው?»

«እህቴ።»

«ሁሉንም?»

«ሰው በየዓርቡ ስም ይቀይራል እንዴ?»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «በዚህ ስም ሌላ አለ፣ እሱን አጥፍቼ ይሄን ልተካ ወይ ብሎ አልጠየቀህም?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ኬን።»

«ኡፍ፣ አባ! ሎ አትለውም ነበር?»

«ማን አስለምዶኝ?»

የቀረችውን አንዷን ከፈተቻት። የመጨረሻው ዓርብ ናት። ያን ቀን መስመሩ ክፉ ነበር። «አትታየኝም፣ ቅረብ እስቲ» ብላ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊቴን ልትዳብስ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ያኔ ቁልፉን ተጫንኩ። ፊት የለም። ከክርያት አታ ገበያ ገዝቼ የላኩላት ቡናማ ሹራብ እጅጌ ነው ያለው፣ ረዝሞባት ሁለት ጊዜ የታጠፈው። የቀረው ጨለማ ነው።

ልጄ ከጨለማው ውስጥ ፊት ይወጣ እንደሆነ ብላ የምስሉን ብርሃን ደጋግማ ጨመረችው። ጨለማው ነጣ፣ እጅጌውም አብሮ ነጣ፣ ፊት ግን አልወጣም። ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ስትል ማሽኑ ያንን የጥያቄ ሳጥኑን አመጣ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። እጇን ያዝኳት።

«ቆይ፣ ላንብበው።»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ቃል በቃል አነበብኩት። የለወጥከውን ላስቀምጠው ወይ ነው የሚለው። ልጄ አላጣደፈችኝም።

«ሎ» አልኩት። ልጄ መልሳ ስትከፍተው እጅጌው ወደ ቡናማነቱ ተመልሷል። ግድግዳው ላይ የሰቀልነው እሱን ነው።