ስልካቸው የፈጠነላቸው እናት

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ በአንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ያየኋቸው እናት ዛሬም ትዝ ይሉኛል። በወፍራም ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር።

«ይኸ ስልክ ቀርፋፋ ሆነብኝ። ኦበርን ከተማ ያለው ልጄ ሲደውል፣ እስኪከፈት ይዘጋል» አሉ።

ጠጋኙ ይሕደጎ ቢከፍተው፣ በየበዓሉ በቫይበር የተላኩላቸው የቅዱሳን ሥዕሎች ሞልተውታል።

«እማማ፣ እነዚህን ዲሊት ላድርጋቸው?»

«የእመቤቴን ሥዕል? ኧረ በል እጅህን ሰብስብ!»

ይሕደጎ ሳቀ፤ አንድም ሳያጠፋ ሁሉንም ወደ ሚሞሪ ካርድ አዛወረላቸው። ከዚያ በራሱ ስልክ ደወለ። የሳቸው ወዲያው ተከፈተ፤ ፊት ለፊቱ ቆመው ሳሉ በስልኩ «አቤት!» አሉት።

«ኦኬ እማማ፣ ከእንግዲህ የልጅዎ ኮል አያመልጥዎትም።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን አገላብጠው መልሰው በመሐረቡ ጠቀለሉት። በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የማኅበር ጓደኞቼ ‹ልጅሽ አይደውልም ወይ?› ሲሉኝ በስልኩ ነበር የማመካኘው» አሉት። «እንግዲህ ምን እላቸዋለሁ፣ የኔ ልጅ?»