አባዬን መድረክ ላይ ያወጣሁ ዕለት

አምፖል ላይ የተኛ አቧራ መብራቱ ሲግል የሚሸተውን ሽታ ታውቀዋለህ? ባለፈው ሳምንት መጋዘን ውስጥ ሸተተኝና የምፈልገውን ዕቃ ረስቼ ቆምኩ። በሐሳቤ ቂርቆስ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የጻፍኩት ቲያትር ሊታይ ነው፤ አባዬ ከፊት ተቀምጧል።

አባዬ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ፋይል ማውጣትና መመለስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኔንና ታናሽ እህቴን በእግር ካዛንቺስ ድረስ ይወስደንና አዲስ ከሚሠሩት ፎቆች አንዱን ያሳየናል። «ሦስተኛው ፎቅ፣ ጥጉ ጋ፣ የኛ ቢሮ ይሆናል» ይለናል። አንድ ዓመት ጫጩት፣ ሌላ ዓመት እንጉዳይ፣ ከዚያ ደግሞ ሳሙና ሞከረ። ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጎ አምፖል አበራላቸው፤ መብራት ሄደና ሁሉም አለቁ። በማግስቱ ከረባቱን እያሰረ «ምንም አይደል፣ መስከረም ይጥባ ብቻ» አለን። ሁልጊዜም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰፈሩም ለምዶታል፤ ባለሱቁ ሳይቀር «ጋሼ፣ መስከረም አልጠባም እንዴ?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ አፍርበት ነበር። የሰፈራችን የወጣቶች ቲያትር ቡድን ድርሰት አምጡ ሲለን አንድ ሰውዬ ጻፍኩ። ሀብታም እሆናለሁ እያለ ያለ የሌለ ንብረቱን የሚጨርስ፣ በመጨረሻም ጳጉሜ ላይ ብቻውን የሚሞት ሰውዬ። ስሙን ቀየርኩ፣ ነጋዴ አደረግኩት፤ በቃ፣ ማንም አያውቅም አልኩ። አነጋገሩን ግን አልቀየርኩትም። ምን ላድርግ፣ ሌላ አባት አላውቅም።

አባዬ ሁለት የቢሮ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። «ደራሲዋ ልጄ ናት» እያለ አስተዋወቀኝ። መጋረጃው ተከፈተ። ሰውዬውን የሚጫወተው የላንቻ ልጅ ድምፁ ትልቅ ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ «መስከረም ይጥባ ብቻ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከኋላ የአባዬን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር ሳቅ ነው። ሰውዬው ሲሞት እንኳ ሳቁ። ከመጋረጃው ጎን ሆኜ አባዬን አየሁት። አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ያዳምጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንወጣ ጓደኞቹ ቶሎ ተሰናበቱን። እኔና እሱ በእግር ተጓዝን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የታክሲ ረዳቶቹ «ለገሃር፣ ለገሃር» ይጣራሉ። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል ነው የተናገረው።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አለ። «ግን ይጮኻል። ሰውዬው እንደዚያ አይናገርም።»

«እንዴት ነው የሚናገረው?»

«ዝቅ አድርጎ።» ጥቂት ሄደና፣ «እሱ ራሱ እኮ አያምነውም። ማለቴ... ልጆቹ ከሰው በታች ነን ብለው እንዳያድጉ ነው የሚለው።»

እኔ የጻፍኩት የሚናገረውን ሁሉ የሚያምን ጅል ነበር። አባዬ ግን ያን ሁሉ እሑድ እንደማይሳካ እያወቀ ነው ካዛንቺስ ድረስ ሲወስደን የኖረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቲያትሩ ሲደገም ልጁን ዝቅ አድርገህ ተናገር አልኩት። ተናገረ። ማንም አልሳቀም፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ አየሁ። አባዬ አልመጣም። ቤት ስገባ ሬዲዮኑን ቀነሰና «ዝቅ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ጎሽ፣ እንደሱ ነው» አለና ሬዲዮኑን መልሶ ከፍ አደረገው። ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዜናው ሲያልቅ እለዋለሁ ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዜናው አለቀ፣ ሳልለው ተኛ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ሳልለው ቀረሁ። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ይኸው ለሱ መንገር የነበረብኝን ላንተ እነግርሃለሁ።