አናጢው የቆጠራቸው አበቦች

ተማሪዎቹ «ኮምፓስ» ይሉት ነበር። ጠመኔ ይዞ ክንዱን አንዴ ካዞረ ሰሌዳው ላይ ለሚቀረው ክብ እንከን አይወጣለትም። ጂኦሜትሪ ባስተማረባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ከአፉ የማይለየው «ማረጋገጫህ የታለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ማረጋገጫ የሌለው ነገር ለእሱ ወሬ ነው።

ታላቅ ወንድሙ አናጢ ነው። አባታቸው ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ መጋዝ ያነሳው ታናሹ እንዲማር ብሎ ነው፤ ይህን ግን አንድም ቀን አንስቶበት አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ጓሮው ውስጥ ካሉት አራት የንብ ቀፎዎች አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል። የጥድ ፍሬ ቅርፊት፣ የአበባ ቅጠል፣ የሱፍ አበባ መሀል ላይ ፍሬዎቹ የተሰደሩበትን ጥምዝ መስመር። ሚስቱ «ይኼ ሰውዬ ቀጥሎ ለንቦቹ ስም ያወጣላቸዋል» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ ቀን ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። መምህራኑ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?» አለው ኮምፓስ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«በደህና ነው ማሙሽ። እቺን እንድታይልኝ ብዬ ነው።»

የወንድሙ ፀጉር ላይ ሰጋቱራ ነበር። ኮምፓስ አፈረ። እፍረቱን ለመሸፈን ይመስላል፣ ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ንብ ያለ ማስመሪያ ስድስት ጎን ትሠራለች። የጥድ ፍሬ፣ ጥምዙ በአንድ በኩል ስምንት፣ በሌላው አሥራ ሦስት። የሱፍ አበባ፣ ሠላሳ አራትና ሃምሳ አምስት። ስቆጥር የምጸልይ ይመስለኛል። ይኼ ሁሉ ልክ ያለ ለኪ አልመጣም።»

ቀና አለና «ሰማችሁ? እግዜር ኮምፓሱን የት እንደሚያስቀምጥ ወንድሜ ደርሶበታል!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አናጢውም አብሮ ሳቀ። ኮምፓስ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቶ ከገጹ ግርጌ «ማረጋገጫ የለውም» ብሎ ጻፈና መለሰለት።

«እሺ መምህር» አለ ወንድሙ፤ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማሙሽ እንጂ መምህር ብሎት አያውቅም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ኮምፓስ ጡረታ ወጣ። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የደረቀ የሱፍ አበባ ሲፈለፍል እጁ ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ አራት። በሌላው በኩል ሃምሳ አምስት። ሦስቴ ቆጠረ። ከዚያ የጥድ ፍሬው ትዝ አለው። ስምንት፣ አሥራ ሦስት፣ ሃያ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ ሃምሳ አምስት። ሁለቱ ሲደመሩ ተከታዩን የሚሰጡበትን ይህን ሰንሰለት ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፎታል። ወንድሙ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በዓይኑ ብቻ ደርሶበት ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ገጽ እንኳ ልብ ብሎ አላነበበለትም።

አበባውን እንደያዘ ወንድሙ ቤት ሄደ። አናጢው በር ላይ ተቀምጦ በእጁ እየዳሰሰ እንጨት ያለሰልሳል። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ከወሰደበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ጋሼ፣ ያ ደብተር የት አለ?»

«የቱ?»

«የአበቦቹ።»

«ውይ፣ እሱማ! ያን ሰሞን ማር ስቆርጥ ለንቦቹ ጭስ አደረግኩት።»

«ምነው ጋሼ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ማረጋገጫ የለውም ያልከው? የተማርከው አንተ ነህ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ኮምፓስን አንጀቱን የበላውም ይኸው ነው።

«ከዚያ ወዲያ አልቆጠርክም?»

«ሞክሬ ነበር። አበባ ባየሁ ቁጥር ያ ሳቅ እየመጣብኝ ተውኩት። ዓይኔ እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ ኖሮ ሳቁን ችዬ አበቦቹን አያቸው ነበር።»

«ልክ ነበርክ ጋሼ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

አናጢው እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ይቅር ብያለሁ። ግን ልክ ነህ እንድትለኝ አልነበረም የመጣሁት። አብረኸኝ እንድታይ ነበር።»

ኮምፓስ አበባውን እጁ ላይ አኖረለት። ሽማግሌው በሌባ ጣቱ መስመሮቹን እየዳሰሰ ቆጠረ፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ጠፋው፤ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ጠፋው። «በል ያዘው» ብሎ መለሰለት።

አሁን ኮምፓስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ራሱ የቆጠረውን ያነብለታል። ወንድሙ «እህ፣ እህ» እያለ ይሰማዋል፤ አንዳንዴም እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ባለፈው ሳምንት ኮምፓስን ከሰንሰለቱ የወጣ ቁጥር ያለው አበባ ገጥሞት ነበር።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው እንቢ ያለው ጋሼ?»

«እንደሱ ዓይነትም ገጥሞኝ ያውቃል» አለ አናጢው። «ለምን እንደሆነ የጻፍኩት ነገር ነበር። ምን ብዬ እንደነበር ጠፋብኝ።»