ለዘበኛ የተያዘ ቦታ

ልጄ ግቢያችን መሃል ጭቃ ማቡካት የጀመረው የውትድርና አፈሳ በበዛበት ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ኮልፌ ውስጥ ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ ልጁን ጓዳ ይደብቃል። የእኔው ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ተራራ ይሠራል። ተራራው ጫፍ ላይ ክብ ቤት ሠራ፣ ድስት የምታህል።

«ምንድነው እሱ?» አልኩት።

«ኮከብ መመልከቻ ቤት ነው፣ እማዬ። እውነተኛው ወሎ ነው የሚሆነው፣ አባዬ የተወለደበት ተራራ ላይ። ይሄ ናሙናው ነው።»

«ወሎ ጦርነት አይደለም እንዴ?»

«ለዚያ እኮ ነው የከበደኝ» አለና ሳቀ።

የሕንፃ ሥራ ተማሪ ነበር፣ ሊጨርስ ትንሽ የቀረው። የፈለጋችሁትን ንደፉ ሲባሉ ጓደኞቹ ሲኒማ ቤትና ሆቴል ሲነድፉ እሱ ይህን መረጠ። እዚያ አገር መብራት የለም፣ መኪና አይደርስም፣ የተበላሸ ቢኖር ጠጋኝ ከከተማ አይሄድም። ስለዚህ ግድግዳው የአገሩ ድንጋይ ነው፤ ውሃው ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ፤ ጣሪያው በገመድ ሲሳብ ለሁለት ይከፈታል። ሁሉም ነገር ቢቋረጥ የአገሬው ሰው ራሱ እየጠገነ የሚያኖረው ቤት ነው አለኝ። የናሙናውን ጣሪያ ከቆሼ ባመጣው የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠራው፤ እጁ ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ያምር ነበር። ያምራል ብዬ ግን አልነገርኩትም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ሰማይ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ሰፈሩ ምን እንደሚል ነው።

ሰፈሩም አላሳፈረኝም። «ኮከብ» የምትለዋን ሰማና «ኮከብ ቆጣሪ» አደረጋት። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣

«አንቺ፣ ልጅሽ ጠንቋይ ወጣው አሉ! ለጎረቤት ስንት ያስከፍላል?» ይሉኛል።

አብሬ እስቃለሁ። ግን ወሬው ቀበሌ ከደረሰ፣ እዚያ ቤት ወንድ ልጅ አለ ማለት ነው። የልጄ ግራ ዓይን አያይም። ይህን ብዬ አንዱን የቀበሌ ጥበቃ ለማለሳለስ ብሞክር፣ «እና? ለመተኮስስ አንዱን እንጨፍን የለ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አጣሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ከአጥር ማዶ ያለች ጎረቤት አለችኝ፤ በልጅነቱ ከልጄ ጋር ጭቃ አብሮ ያቦካ ልጇ ታፍሶ ወሎ ከሄደ ቆይቷል። እሷን ሳገኝ የጤናዋንም የዶሮዎቿንም እጠይቃለሁ፤ ወደ ልጇ ሳልደርስ እሰናበታለሁ። የእኔ እቤት መኖሩ ከእሷ የሰረቅኩት ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ነጠላዋን አገልድማለች። ልትናገረኝ መጣች ብዬ ደነገጥኩ፤ የእኔ ሄዶ ያንቺ ለምን ቀረ ልትል። ተቀመጪ እንኳ አላልኳት። ዘልዬ የልጄን አገጭ ያዝኩና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት፤ በጣቴ የዓይኑን ቆብ ገለበጥኩት።

«እዪው እህቴ! እዪው፣ ነጭ ነው! ለምንም የማይሆን ልጅ እኮ ነው!»

ልጄ ጭቃ የነካ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ እንደሚሸጥ በግ ፊቱን ተወልኝ።

«ልቀቂው» አለች። «የዚህን ልጅ ዓይን ለእኔ ነው የምታሳዪው? ትንሽ ልጅ ሆኖ የእንጨት ስንጣሪ ሲወጋው አንቺ አጠና ተራ ገበያ ነበርሽ። አቅፌው ሐኪም ቤት የሮጥኩት እኔ አይደለሁም? ደሙ የማን ነጠላ ላይ ነው የፈሰሰው?»

እጄ ወረደ። የምገባበት ጠፋኝ።

እሷ ግን እኔን ትታ ወደ ልጄ ዞረች። «ኮከብ ትቆጥራለህ ሲሉ ሰምቼ ነው። በስምና በእናት ስም አይደል የሚቆጠረው? ሁለቱንም ታውቃለህ። ልጄ አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ከጀርባዋ ሆኜ በዓይኔ ጠቀስኩት፤ አለ በላት፣ ምን ቸገረህ። በደህናው ዓይኑ አየኝና ፊቱን አዞረ።

«እትዬ፣ የእኔ እንደዚያ ያለ ቆጠራ አይደለም። አላውቅም። ብዋሽዎት ነገ በምን ፊቴ አይዎታለሁ?»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። ጭቃው ተራራ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረዳት፤ ድንጋዩን፣ ውሃውን፣ የሚከፈተውን ጣሪያ።

«ጫፉ ላይማ አይሆንም» አለችው። «ቆስሎ የተመለሰ የልጄ ጓደኛ ነግሮኛል፤ ተራራ ጫፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ነው ያሉት። ከፍታ ያገኘ ወታደር ይለቅልሃል? ጣሪያው ደግሞ ይከፈታል ትለኛለህ! መትረየስ ነው የሚተክሉበት።»

ልጄ ተራራውን ዞሮ አየው። ከዚያ ክቡን ቤት በሁለት እጁ አነሳና ከጫፉ ወደ ታች፣ በሁለት ጉብታ መሃል አስቀመጠው።

«ሰማዩ ትንሽ ይጠብብኛል እንጂ፣ እዚህስ?»

«እዚህ ይሻላል። ጠባቂስ?»

«ዘበኛ ይኖረዋል። ማደሪያውን ረስቼው ነበር።»

«እንግዲያው ዘበኝነቱን ለልጄ ያዝልኝ» አለች። «አገሩን ለምዶታል።» ሳቀች፤ ብቻዋን ሳቀች።

ልጄ ከቤቱ ጎን አንዲት ትንሽ ክፍል ለጠፈ፤ በእንጨት ጫፍ በር ቀደደላት። «ተይዟል፣ እትዬ።»

በሳምንቱ ቦኖው ጋ አንዷ ያንን የጠንቋይ ቀልዷን ስትጀምር፣ ጎረቤቴ ጀሪካኗን አስቀመጠችና «ቤት ነው የሚሠራው፤ ዘበኛውም የእኔ ልጅ ነው» አለች። የእሷን ልጅ ስም ጠርቶ የሚቀልድ አልነበረም። ወሬው እዚያው ሞተ፤ ልጄንም ከቀበሌ የጠየቀው ሰው ሳይኖር ትምህርቱን ጨረሰ።

ቤቱ አልተሠራም። ልጇም አልመጣም። ጭቃውን የሚቀጥለው ክረምት አጠበው። እሷ ግን እስከ ዛሬ በአጥሩ በኩል ስታየኝ፣ «ያ ቦታ ለሌላ ሰው አልተሰጠብኝም?» ትለኛለች፤ እየሳቀች ነው።

«ተይዟል» እላታለሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።